ከ3ዲው በፊት ሴክሽኑን አሳዩኝ በሉ

ቤት ለማሠራት የተነሳ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ የሚያሳየኝ 3ዲውን፣ ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ አስመስሎ በኮምፒውተር የተሠራውን ምስል ነው። የምሽት መብራት የበራለት ጂ+1 ቤት፣ የመስታወት በረንዳ፣ አረንጓዴ ሣር፣ በሩ ላይ የቆመ ነጭ መኪና። ያምራል። "ሴክሽኑስ የታለ?" ስል ግን ዝም ይባላል። ብዙ ጊዜ ሴክሽን የሚባል ሥዕል መኖሩንም የነገራቸው የለም።

ፕላን ሥራ ውስጥ ከገባሁ ቆይቻለሁ። ያየኋቸው የሚያስቆጩ ስህተቶች፣ ግድግዳ የሚያስፈርሱት፣ ሶሌታ (የፎቁን የአርማታ ወለል) የሚያስበሱት፣ አብዛኞቹ ገና ኮምፒውተር ላይ እያሉ ሊያዙ ይችሉ ነበር። ሴክሽኑን ረጋ ብሎ የሚያይ ሰው ስላልነበረ አለፉ። ስለዚህ ፕላን በሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ ላስረዳችሁ። ራሳችሁ ባትስሉትም ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ቃላቱን እናጥራ። ፍሎር ፕላን የሚባለው ቤቱ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ተብሎ በአግድም ቢቆረጥና ከላይ ቢታይ የሚኖረው መልክ ነው። ክፍሉ፣ በሩ፣ መስኮቱ እዚህ ላይ ይታያል። ኤሌቬሽን ቤቱን ከውጭ በአንድ በኩል ፊት ለፊት ሲያዩት ነው። ሴክሽን ደግሞ ድፎ ዳቦ ከላይ እስከ ታች በቢላ ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ፊት እንደምታዩት ነው። መሠረቱ ምን ያህል ይወርዳል? ሶሌታው ምን ያህል ይወፍራል? በደረጃው የሚወጣ ሰው ጭንቅላቱን ይመታል ወይ? ጣሪያው ወዴት ይዘቀዝቃል? ከፍታ ያለበት ጥያቄ ሁሉ መልሱ እዚያ ነው።

3ዲው ቤቱ ከመንገድ ሲታይ ምን እንደሚመስል ይነግራችኋል። ለቀለም፣ ለመስኮት አቀማመጥ፣ ለፊት ለፊቱ ውበት ጥሩ ነው። ልክ ግን የለበትም። ግንበኛ ከእሱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ማንበብ አይችልም።

ሁለት ዓይነት ሶፍትዌር

አዲስ አበባ ውስጥ የምናደንቃቸው የድሮ ሕንፃዎች በእጅ የተሳሉ ናቸው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ትልቅ ጠረጴዛ፣ ረጅም ማስመሪያ፣ ትሬሲንግ ፔፐር። በቀለም የተሰመረ መስመር ከተሳሳተ በምላጭ ይፋቃል። ወረቀቱ ከሳሳ ደግሞ እንደገና መሳል ነው።

በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ ሰው አሜሪካ፣ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስኬችፓድ የሚባል ፕሮግራም ሠራ። በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር ያሰምራል። አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ኮምፒውተር ነበር የሚያስፈልገው። ነገሩ ወደ ተራው ቢሮ የገባው በ1982 መጨረሻ አውቶካድ በግል ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ነው። አውቶካድ እስከ ዛሬ እኛ ጋ ዋናው መሣሪያ ነው። ፎርማኑም፣ መሐንዲሱም፣ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮም ያውቀዋል።

ስለ አውቶካድ አንድ ነገር ያዙልኝ። አውቶካድ ላይ በተለመደው መንገድ ስትስሉ ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመር ነው። ሶፍትዌሩ ግድግዳ መሆኑን አያውቅም። አንድ መስመር ትስላላችሁ፣ "ኦፍሴት" ብላችሁ 0.20 ታስገባላችሁ፣ ሃያ ሳንቲም ግድግዳ ሆነ። የሚሰጣችሁ ፍጥነትና ትክክለኛ ልክ ነው። ፍሎር ፕላኑ፣ ሴክሽኑና ኤሌቬሽኑ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሥዕሎች ናቸው። አንዱን ስታስተካክሉ ሌሎቹን ራሳችሁ ሄዳችሁ ማስተካከል አለባችሁ።

ሁለተኛው ዓይነት አርኪካድና ሬቪት ናቸው። አርኪካድ በ1980ዎቹ ግራፊሶፍት ከሚባል የሃንጋሪ ድርጅት የመጣ ነው። ሬቪት በ2000 ወጣ፣ በ2002 የአውቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ ገዛው። እነዚህ ላይ መስመር አትስሉም፣ ግድግዳ ታቆማላችሁ። ግድግዳው ውፍረት፣ ቁመትና ዓይነት አለው። በር ስታስገቡበት ራሱ ይከፈታል። ሴክሽን ሲያስፈልጋችሁ ቤቱ ላይ የመቁረጫ መስመር ትጥላላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ቆርጦ ያሳያችኋል። ግድግዳውን ፕላን ላይ ስታንቀሳቅሱት ሴክሽኑም ላይ ይንቀሳቀሳል። አሠራሩን ባለሙያዎቹ "ቢም" ይሉታል። ከአርማታው ቢም፣ ሶሌታውን ከሚሸከመው አግዳሚ ጋር ስሙ ስለሚመሳሰል ሳይት ላይ ሲወራ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም።

28 ሳንቲም

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው።

በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ጂ+1 ቤት በአውቶካድ ሳልኩ። ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው ወለል 3.06 ሜትር ነበር። ደረጃ ሲሰላ መጀመሪያ ይህን ቁመት ለእርከኖቹ ማካፈል ነው። 3.06 ለ18 ሲካፈል እያንዳንዱ እርከን 17 ሳንቲም ይሆናል። መርገጫውን 28 ሳንቲም አደረግኩት። አንድ የቆየ ስሌት አለ። የእርከኑ ከፍታ ሁለት ጊዜ ተደምሮ መርገጫው ሲጨመርበት ከ60 እስከ 64 ሳንቲም ከሆነ ደረጃው ለእግር ይመቻል። 17 እና 17፣ ከዚያ 28፣ ድምሩ 62። ጥሩ ደረጃ ነበር። መሃል ላይ ማረፊያ አድርጌ ዘጠኝ ዘጠኝ እርከን ከፈልኩት።

ፕላኑ ካለቀ በኋላ ቤቱን የሚያሠሩት ወይዘሮ ማድ ቤቱን ትንሽ እንዳሰፋላቸው ጠየቁኝ። ማድ ቤቱ ከደረጃው ጎን ነው። ፍሎር ፕላኑ ላይ ከማረፊያው በታችና በላይ፣ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት የደረጃ ክንፎች አንዳንድ መርገጫ ቀነስኩ። ማድ ቤቱ 28 ሳንቲም አገኘ። እርከኖቹ ከ18 ወደ 16 ወረዱ። ሴክሽኑን አልነካሁትም። እዚያ አሁንም 18 እርከን ተስሏል።

ፎርማኑ ፕላኑን ይዞ ሠራ። 3.06 ለ16 ሲካፈል እያንዳንዱ እርከን 19 ሳንቲም አለፈ። አርማታው ከተሞላ በኋላ ነው የሰማሁት። የወይዘሮዋ እናት ጉልበታቸውን ይታመማሉ። ላይኛው ፎቅ ላይ የተሠራላቸውን ክፍል ትተው ታች፣ ለእንግዳ የታሰበው ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሁለት ሳንቲም ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ለታመመ ጉልበት ግን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት።

ያን ቤት በሬቪት ብሠራው ኖሮ ከወሰንኩት ከፍታ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር፣ ሴክሽኑም አብሮ ይቀየር ነበር። እኔም ብሆን ሴክሽኑን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ አየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕላን ላይ አንድ ነገር ስነካ ሴክሽኑን ሳልከፍት ፋይሉን አልዘጋም።

የቤቱን ሥዕል ከካርታ መጀመር

የፕላን ሥራ የሚጀምረው ከይዞታ ማረጋገጫው፣ ካርታ ከምንለው ወረቀት ነው። ካርታው ላይ የቦታው ማዕዘኖች በኤክስና በዋይ ቁጥር ተጽፈዋል። አዲስ አበባ ላይ ኤክስ የሚለው ስድስት አሃዝ ነው። ዋይ የሚለው ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ነው። ይህ ቁጥር በሜትር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ነው እንዲህ የሚሆነው። ቦታችሁ ዓለም ላይ የት እንዳለ እጃችሁ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል ማለት ነው።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አውቶካድ ላይ ስታስገቡ የቦታው ቅርጽ ይወጣል። ቀጥሎ የስፋቱን ኮማንድ ሰጥታችሁ ከካርታው ካሬ ጋር ማመሳከር ነው። ካርታው 200 ካሬ ብሎ ሥዕሉ 188 ካለ አንድ ቁጥር ተሳስቷል። ይህ ማረጋገጫ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እባካችሁ ፕላን የሚሠራላችሁን ሰው አድርገኸዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ሜትር ይዞ ቦታው ላይ መሄድ ግድ ነው። አጥሩ ከካርታው ጋር ላይገጥም ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ ይዘቀዝቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ዕድል ነው። 14 ሜትር የሚረዝም ቦታ ከላይ እስከ ታች አንድ ሜትር ከአርባ ቢወርድ ብርቅ አይደለም። 3ዲው ላይ ይህ አይታይም፣ ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚሰጠው ሜዳ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሣሩ ተነጥፎ ያልፋል። ሴክሽኑ ላይ ግን ትክክለኛው የመሬት መስመር ከተሳለ ስንት ሜትር የድንጋይ ግንብ እንደሚያስፈልግ፣ ስንት መኪና ሙሊት እንደሚገባ፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድ ይታያል። ያ መስመር የሌለበት ሴክሽን ከቀረበላችሁ መልሱት። በጀታችሁን የሚያናጋው ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች ያለው ወጪ ነው።

ስለ መለኪያም ልናገር። አንዱ በሜትር ይስላል፣ ሌላው በሚሊ ሜትር። ሶፍትዌሩ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። በሜትር የተሳለ ቤት በሚሊ ሜትር ፋይል ውስጥ እንዲሁ ሲገባ 1,000 ጊዜ አንሶ ነጥብ ያክላል። ይህ እንኳ ስለሚታይ ቀላል ነው።

የማይታየው ልስን ነው። ፕላን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከብሎኬት እስከ ብሎኬት ያለው ልክ ነው። 1.20 ሜትር የተባለ መታጠቢያ ቤት በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሳንቲም ልስን፣ ከዚያ ሴራሚክና ማጣበቂያው ሲጨመርበት ወደ 1.14 ይወርዳል። በዚያ ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አስቀምጣለሁ ብላችሁ ከነበረ ስድስቱ ሳንቲም ዋጋ አላት።

ሌላው የሚያታልል ነገር የቤት ዕቃው ነው። ሶፍትዌሮቹ ውስጥ የተዘጋጁ አልጋዎች፣ ሶፋዎች፣ ቁም ሳጥኖች አሉ። እየጎተቱ ማስገባት ነው። አልጋው አልበቃ ሲል አሳንሶ ማስገባትም ይቻላል። ክፍሉ ሰፊ መስሎ ይታያል። እናንተ ሜትር ከሰማንያ አልጋ ካላችሁ ፕላኑ ላይ ያለው አልጋ ስንት ተብሎ እንደተሳለ ጠይቁ። አልጋው ተቀምጦ ቁም ሳጥኑ ይከፈታል ወይ? በሩስ?

ሴክሽኑን እንዴት ላንብበው?

መጀመሪያ ደረጃው በሴክሽኑ መቆረጡን እዩ። አንዳንዱ ቀላሉን መንገድ መርጦ ደረጃው በሌለበት በኩል ይቆርጣል። ደረጃው ከታየ እርከኖቹን በጣት ቁጠሩ፣ ከፍሎር ፕላኑ ጋር አመሳክሩ። የእኔን ስህተት የሚይዘው ይኸው ቆጠራ ብቻ ነበር። ከዚያ ከእርከኑ ጫፍ እስከ በላዩ ያለው ሶሌታ ወይም ቢም ድረስ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከ2.10 ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ቁም ሳጥን ተሸክሞ የሚወጣ ሰውም አለ።

ቀጥሎ የላይኛው መታጠቢያ ቤት ከምን በላይ እንዳለ ተመልከቱ። ከሳሎን በላይ ከሆነ የሽንት ቤቱ ቧንቧ በሳሎናችሁ ኮርኒስ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቧንቧው 110 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፍሳሹ እንዲወርድ ደግሞ መዝቀዝቀዝ አለበት። አራት ሜትር ሲሄድ በሁለት በመቶ ተዳፋት ስምንት ሳንቲም ይወርዳል። መንገዱ ላይ ቢም ካለ ከሥሩ ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ ኮርኒሱ ይወርዳል፣ ሰፊ ያላችሁት ሳሎን ዝቅ ይላል። 3ዲው ላይ ቧንቧ የለም። ሴክሽኑ ላይ ሁለቱን መታጠቢያ ቤቶች አንዱን ባንዱ ላይ ማድረግ እንደሚሻል ወዲያው ይታያችኋል። ለእኔ ሴክሽን የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። ቤቱ እንዴት እንደሚኖር ያሳያል፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ሰው በየት እንደሚወጣ።

ፀሐይም አለች። አርኪካድም ሬቪትም፣ ስኬችአፕ የሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌርም ቦታውንና ቀኑን ስትነግሯቸው ጥላውን ይስላሉ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን። የአውሮፓ ቤት ፎቶ አይቶ "መስኮቱን በደቡብ አድርግልኝ" የሚል ደንበኛ ካለ ይህን አሳዩት። እኛ ጋ ቤት የሚያግለው በምዕራብ በኩል ያለ ትልቅ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ያለችው ዝቅ ያለች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባበታለች።

አርክቴክቱ ሲጨርስ ፋይሉ ወደ ስትራክቸር መሐንዲሱ ይሄዳል። እሱ ኢታብስን በመሰለ ሌላ ሶፍትዌር ኮለኑን (ምሰሶውን) እና ቢሙን አስልቶ የራሱን ሥዕል ያወጣል። ሳኒተሪውና ኤሌክትሪኩም ይከተላሉ። እዚህ ላይ የሚፈጠር አደጋ አለ። መሐንዲሱ ኮለኑን ወደ 30 ሳንቲም ቢያወፍረውና የአርክቴክቱ ፕላን ላይ 20 ሆኖ ከቀረ፣ ሳሎን ጥግ ላይ ያልታሰበ ጉብታ ይወጣል። መፍትሔው ሁለቱን ሥዕሎች አንዱን ባንዱ ላይ አድርጎ ማየት ነው። አውቶካድ ላይ አንዱን ፋይል ከሌላው ሥር ማያያዝ ይቻላል። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ሁለቱን አብረው አሳዩኝ ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በአማርኛ መጻፍ ስለሚፈልጉ ሰዎችም ላንሳ። አውቶካድ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው መስመር ብቻ በሆኑ የራሱ ፊደሎች ነው። በእነሱ ላይ አማርኛ ስትጽፉ የጥያቄ ምልክት ይደረደራል። የጽሑፉን ስታይል ወደ ናያላ ወይም ሌላ የግዕዝ ፎንት መቀየር ነው። "መኝታ ቤት"፣ "ዕቃ ቤት"፣ "ጓዳ" ተብሎ የተጻፈበት ፕላን ሳይት ላይ ያለው ሁሉ ይረዳዋል። እኔ ሁልጊዜ ክፍሎቹን በአማርኛ ነው የምጽፋቸው። እናት፣ አባትም ቤታቸውን ማንበብ አለባቸው።

መማር ለሚፈልግ ወጣት፣ የአውቶዴስክ ሶፍትዌሮች ለተማሪ በነፃ ይሰጣሉ። ፍሪካድና ሊብሬካድ ደግሞ ለማንም ነፃ ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን ሜትር ገዝታችሁ የምትኖሩበትን ቤት ለኩና ሳሉ። ሴክሽኑንም ጭምር።

የመጨረሻው ነገር ወረቀቱ ነው። 1፡100 ማለት ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲም መሬት ላይ አንድ ሜትር ነው ማለት ነው። ኤ3 ላይ በ1፡100 የወጣ ፕላን ፎቶ ኮፒ ቤት ተወስዶ ወደ ኤ4 ሲያንስ 1፡141 ይሆናል። አራት ሜትር የነበረው ክፍል በማስመሪያ ሲለካ ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። "1፡100" የሚለው ጽሑፍ ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ሳይት ላይ በማስመሪያ አይለካም፣ የተጻፈው ቁጥር ነው የሚነበበው። ቁጥር የጎደለው ቦታ ካለ ለሠራው ሰው መደወል ነው።

ስትረከቡ ፒዲኤፉንም ዋናውን ፋይልም ተቀበሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰርቪስ ቤት ስትጨምሩ ከዜሮ እንዳይጀመር ነው። ፕላኑ በተሻሻለ ቁጥር የድሮውን ወረቀት ከሳይት ሰብስቡ። ፍሎር ፕላኑ፣ ሴክሽኑና የስትራክቸሩ ሥዕል ጥግ ላይ ያለው የማሻሻያ ቀን አንድ መሆኑን እዩ። አንድ ከሆነ ለፎርማኑ ስጡት።